የደረቀ ትከሻን ሳያስገድዱ ማላላት፦ ደረጃ በደረጃ የፊዚዮቴራፒ መመሪያ

ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስታውቀው ከኋላ በኩል ነው። ከኋላ ኪስ ቦርሳ ለማውጣት የተላከ እጅ ዳሌ ላይ ደርሶ ይቀራል። የጡት መያዣ ለመቆለፍ ወደ ጀርባ የዞረ ክንድ ከመንገድ ይመለሳል። ከዚያ ሌሊቱ ይከብዳል፤ በዚያ ጎን መተኛት ቀርቶ በእንቅልፍ ልብ መገላበጥ እንኳ ያባንናል። ወራት አልፈው ሕመሙ ጋብ ሲል ደግሞ ክንዱ ጸጉር ለማበጠር የማይነሣ ሆኖ ይገኛል።

ሐኪሞች ፍሮዝን ሾልደር የሚሉት ይህን ነው፤ እኛ የደረቀ ትከሻ እንበለው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1934 ያወጣው ኧርነስት ኮድማን የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ነው። ከ11 ዓመት በኋላ ጁሊየስ ኔቪያዘር የተባለ ሌላ ሐኪም ችግሩ የመገጣጠሚያው ከረጢት መወፈርና መኮማተር መሆኑን ገለጸ። ጤነኛ ትከሻ ላይ ይህ ከረጢት በብብት በኩል እንደ ሰፊ እጅጌ ተሸብሽቦ ትርፍ አለው፤ ክንድ ወደ ላይ ሲነሣ የሚዘረጋው ያ ትርፍ ነው። በዚህ ሕመም ከረጢቱ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ቀጥሎ ይወፍራል፣ በመጨረሻ ይኮማተርና ትርፉ ያልቃል። አብዛኛው ታማሚ ዕድሜው ከ40 እስከ 60 ነው፤ ሴቶች ይበዛሉ፤ የስኳር ሕመም ወይም የታይሮይድ ዕጢ ችግር ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ ይጋለጣል። ከስብራት፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከስትሮክ በኋላ ክንዱ ለሳምንታት ታስሮ የቆየ ሰውም እንዲሁ።

በሥራዬ የማየው ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ክንዱን ደረቱ ላይ አቅፎ ጨርሶ አያንቀሳቅሰውም። ሌላው፣ በተለይ ጠንካራ ነኝ የሚለው፣ ጥርሱን ነክሶ በኃይል ይጎትተዋል ወይም ዘመድ ያስጎትታል። የሚበልጠውን ጉዳት የማየው በሁለተኛው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት 77 ሕሙማንን በሁለት ቡድን ተከታትሎ ነበር፤ አንደኛው ቡድን ሕመሙ በሚፈቅደው ልክ ብቻ እንዲንቀሳቀስ ተመከረ፣ ሁለተኛው ሕመም እስኪሰማውና ከዚያም አልፎ ተለጠጠ። ከ2 ዓመት በኋላ ትከሻቸው ወደ ጤናማው የተጠጋው ከመጀመሪያው ቡድን 89 በመቶ፣ ከሁለተኛው 63 በመቶ ነበሩ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመራው በዚህ ነው፦ የሥራው መጠን የሚወሰነው ትከሻዎ ዛሬ ባለበት ምዕራፍ ነው።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ እሱ መሆኑን ማወቅ

ወንበር ላይ ይቀመጡ። የሁለቱንም እጆች ክርን 90 ዲግሪ አጥፈው ከጎንዎ ጋር ያጣብቁ፤ መዳፎችዎ ይተያዩ። ክርንዎ ከጎንዎ ሳይላቀቅ ሁለቱን እጆች እንደ መስኮት ወደ ውጭ ይክፈቷቸው። ጤነኛው ጎን በሰፊው ይከፈታል፤ የደረቀው ጥቂት ሄዶ ይቆማል። አሁን አንድ ሰው የእጅዎን አንጓ ይዞ በቀስታ ወደ ውጭ ይግፋልዎ። የእርሱ እጅም እዚያው ቦታ ላይ ከቆመ ከረጢቱ ይጠረጠራል። እርስዎ ያቃተዎትን እርሱ በቀላሉ ካሳለፈው ግን የተጎዳው ጅማት ወይም ጡንቻ ሊሆን ስለሚችል የሕክምናው መንገድ ሌላ ነው።

ይህ ፍተሻ ሐኪምን አይተካም። የመገጣጠሚያ ብግነትና ወደ ኋላ የወለቀ ትከሻም በር እንደ ተዘጋ ያለ ስሜት ይሰጣሉ፤ እነርሱን የሚለየው ራጅ ነው። በደረቀ ትከሻ ራጁ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ይሆናል፣ ንጹሕ ሆነ ብለው አይገረሙ። የደም ስኳር ምርመራም አብረው ያሠሩ። ከመውደቅ በኋላ የመጣ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የትከሻ መቅላትና ማበጥ፣ በድንገት የመጣ የክንድ መዛል ወይም መደንዘዝ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ካለ ወደ ሐኪም እንጂ ወደዚህ መመሪያ አይሂዱ። የግራ ትከሻ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣማ ጉዳዩ የልብ ሊሆን ስለሚችል አንድ ደቂቃም አይጠብቁ።

ደረጃ 2፦ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳሉ መለየት

መጻሕፍት ሦስት ምዕራፍ ይሉታል። የሕመሙ ምዕራፍ ከ2 እስከ 9 ወር፣ የድርቀቱ ከ4 እስከ 12 ወር ይቆያል፤ የመላላቱ ምዕራፍ ደግሞ ከዚያ በላይ ሊረዝም ይችላል። ጠቅላላው ከ1 እስከ 3 ዓመት መውሰዱ የተለመደ ነው። በቀን መቁጠሪያ ብቻ ግን የራስዎን ቦታ አያገኙትም። እኔ የምጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው፦ ሌሊት ይቀሰቅስዎታል? ክንድዎን ሲያነሡ ሕመሙ የሚመጣው ክንዱ ከመቆሙ በፊት ነው ወይስ ከቆመ በኋላ ሲገፉት ብቻ? የሚቀሰቅስዎትና ሕመሙ ቀድሞ የሚመጣ ከሆነ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ነዎት፤ ሥራው ማረጋጋት ነው። ሌሊቱ ሰላም ከሆነና የሚያመው ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነ መለጠጥ ይቻላል።

መነሻዎን ይለኩ። ፊትዎን ወደ ግድግዳ አድርገው ይቁሙና ጣቶችዎን በግድግዳው ላይ እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ያስሂዱ፤ የደረሱበትን በእርሳስ ምልክት ያድርጉበትና ቀኑን ይጻፉ። ከዚያ አውራ ጣትዎ በጀርባዎ በኩል የት እንደሚደርስ ያስተውሉ፦ ዳሌ፣ ቀበቶ ወይስ ከዚያ በላይ? በየ2 ሳምንቱ ይድገሙት። በየቀኑ የሚለካ ሰው በየቀኑ ተስፋ ይቆርጣል፤ ይህ ትከሻ የሚለወጠው በጣት ስፋት ነውና።

ደረጃ 3፦ በሕመሙ ምዕራፍ

እዚህ ላይ አንድ መለኪያ ይያዙ። ሕመምን ከ0 እስከ 10 ሲቆጥሩት በእንቅስቃሴ ጊዜ ከ3 አይለፍ፤ ካቆሙ በኋላም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለስ። ከሁሉ የሚታመነው ዳኛ ግን ሌሊቱ ነው። ትናንት ከሠሩ በኋላ ሌሊቱ ከወትሮው ከከፋ ትናንት አብዝተዋል፤ ዛሬ ግማሹን ይሥሩ።

ከመጀመርዎ በፊት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ትከሻዎን ያሙቁ፤ በፎጣ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ላስቲክ ወይም ሙቅ ሻወር ይበቃል። ሲሞቅ ጭራሽ የሚብሰው ሰው አለ፤ ለእርሱ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይሻለዋል። የስኳር ሕመም ቆዳውን ያደነዘዘበት ሰው ሙቀቱን በሌላኛው እጁ ወይም በሌላ ሰው እጅ ያስፈትሽ። ቆዳው ሳይሰማው ተቃጥሎ የመጣ ሰው አክሜያለሁ።

የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ፔንዱለም ነው፤ ከኮድማን የወረስነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ አብዛኛው ሰው ግን አሳስቶ የሚሠራው እንቅስቃሴ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። በጤነኛው እጅዎ ጠረጴዛ ተደግፈው፣ አንድ እግርዎን ወደ ኋላ አድርገው ከወገብዎ ያጎንብሱ። የታመመው ክንድ በራሱ ክብደት ወደ መሬት ይንጠልጠል። አሁን ክንዱን አያወዛውዙት። የሚወዛወዘው ሰውነትዎ ነው፦ ክብደትዎን ከፊተኛው እግር ወደ ኋለኛው፣ ከኋለኛው ወደ ፊተኛው ያዛውሩ፤ ክንዱ ገመድ ላይ እንደ ተሰቀለ ዕቃ ይከተላል። ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ፣ ከዚያ የሰሐን ስፋት ያላት ክብ፤ እያንዳንዱን ከ1 ደቂቃ ያልበለጠ። በትክክል መሥራትዎን ለማወቅ ሌላ ሰው የትከሻዎን ጫፍ ይንካ፤ ጡንቻው ለስላሳ ከሆነ ተሳክቷል፣ ጠንክሮ ከተገተረ ክንዱን ራስዎ እያንቀሳቀሱት ነው። ጎንበስ ሲሉ የሚያዞርዎት ከሆነ ይህን ይተዉትና ወደ ቀጣዩ ይለፉ።

ቀጣዩ በጀርባ ተኝቶ የሚሠራ ነው። በጤነኛው እጅ የታመመውን አንጓ ይዘው ሁለቱንም እጆች ወደ ጣሪያ፣ ከዚያ ወደ ራስዎ በኩል ይውሰዱ። ጉልበቱ ከጤነኛው እጅ ይምጣ፤ የታመመው ተሳፋሪ ነው። መያዝ ሲጀምር ለ5 ሰከንድ ያህል ቆይተው ይመለሱ። 10 ጊዜ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። ሌላው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ መዳፍን ፎጣ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ማንሸራተት ነው። ከዚህ በላይ በዚህ ምዕራፍ አያስፈልግም።

ሌሊቱን በትራስ ያሸንፉት። በጀርባ ከተኙ ከክርንዎ በታች ትራስ ያስገቡ፤ ክርኑ ወደ ፍራሹ ወርዶ ትከሻውን እንዳይጎትተው። በጤነኛው ጎን ከተኙ ትራስ አቅፈው የታመመውን ክንድ በላዩ ያሳርፉት። ልብስ ሲለብሱ የታመመው እጅ ይቅደም፣ ሲያወልቁ የታመመው ይዘግይ። ይህች ትንሽ ነገር በየጠዋቱ የሚደርሰውን መንጨት ታስቀራለች።

ሕመሙ እንቅልፍ ከነሣዎት ስለ ኮርቲዞን መርፌ ሐኪምዎን ያነጋግሩ። መርፌ የሚጠቅመው በዚህ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ሕመሙን ያስታግሣል፣ ያ ጊዜ ደግሞ ለእንቅስቃሴ የሚከፈት መስኮት ነው። መርፌውን ተወግቶ እንቅስቃሴውን የተወ ሰው ግማሹን ሕክምና ጥሏል። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ መርፌው ለቀናት የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ አስቀድመው ይናገሩ፣ ከተወጉም በኋላ ደጋግመው ይለኩ።

ደረጃ 4፦ በድርቀቱ ምዕራፍ

ሌሊቱ ከተረጋጋ መለጠጥ ይጀመራል። አሁን ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ወደ 4 ወይም 5 ቢጠጋም ግድ የለም፤ ሲያቆሙ ግን ይብረድ። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያዝ አድርገው፣ ከ3 እስከ 5 ጊዜ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይሥሩ። አንድ ጊዜ ረጅም ሰዓት ከማሳለፍ ይልቅ ቀኑን ከፋፍሎ ማዳረስ የበለጠ ይሠራል።

ብዙዎች ክንዳቸውን ወደ ላይ በማንሣት መጀመር ይፈልጋሉ። እኔ ወደ ውጭ በማዞር አስጀምራለሁ፤ ምክንያቱም የክንድ አጥንት ወደ ላይ ሲነሣ ወደ ውጭ ካልዞረ በጫፉ ያለው ጉብታ ከላይ ካለው አጥንት ጋር ይጋጫል። መዞሩ ሳይመለስ ማንሣቱ በሙላት አይመለስም። በጀርባዎ ይተኙ፤ ከታመመው ክርን በታች የታጠፈ ፎጣ ያስገቡ፣ ክርኑ ከጎንዎ ይጠጋ፣ 90 ዲግሪ ይታጠፍ። በሁለት እጅ የመወልወያ እጀታ ይያዙ። በጤነኛው እጅ እጀታውን በመግፋት የታመመው እጅ ወደ ውጭ እንዲከፈት ያድርጉ። ክርኑ ከጎንዎ ከራቀ ወይም ሰውነትዎ ከተንከባለለ እያታለሉ ነው፤ መልሰው ይጀምሩ። መጀመሪያ ሰሞን የሚገኘው ጥቂት ዲግሪ ነው፤ ይበቃል።

ከዚያ በዚያው እጀታ ሁለቱን ክንዶች ወደ ራስ በኩል ይውሰዱ። ቀጥሎ ቆመው ግድግዳ ላይ ጣቶችን ያስሂዱ። እዚህ መስታወት ያስፈልግዎታል። ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ እየተሰቀለ ከሆነ የሚነሣው መገጣጠሚያው ሳይሆን ከጀርባ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት ነው፤ ምልክቱ ከፍ ቢልም ያገኙት ነገር የለም፣ ማጅራትዎ ግን ማታ ይቆጥርልዎታል። ምልክቱ ዝቅ ቢልም በትክክል ይሥሩ።

የታመመውን ክርን በጤነኛው እጅ ይዞ ደረትን አሻግሮ ወደ ሌላኛው ትከሻ መሳብ የከረጢቱን የኋላ ክፍል ይለጥጣል። ከጀርባ በኩል በፎጣ የሚሠራው የመጨረሻው ነው፦ ጤነኛው እጅ በላይ፣ የታመመው በታች ሆነው ፎጣውን ይዘው፣ የላይኛው እጅ በቀስታ ወደ ላይ ይሳብ። ይህን ለመሞከር አይቸኩሉ፤ ከሁሉም በላይ ትከሻን የሚያስቆጣው እሱ ነውና። ሌሎቹ ሲላሉ እሱም መንገድ ያገኛል።

ደረጃ 5፦ ከባለሙያው እጅ ምን እንደሚጠብቁ ማወቅ

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በቤትዎ የማይቻለውን አንድ ነገር ይሠራል፤ የክንድ አጥንትዎን ራስ በጉድጓዱ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ያንሸራትታል። ስልቱ በአምስት መጠን ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሕመም ለማስታገስ የሚደረጉ ለስላሳ ንዝረቶች ናቸው፤ ሦስተኛውና አራተኛው እስከ ጫፍ ደርሰው ከረጢቱን ይለጥጣሉ። አምስተኛው፣ ማለትም ድንገተኛ ምት፣ እዚህ ቦታ የለውም። ሌሊት የማያስተኛ ሕመም እያለ ሦስተኛውና አራተኛው ከተጀመረ ለምን ብለው ይጠይቁ። ወደ ውጭ መዞርን ለማስመለስ ባለሙያው አጥንቱን ወደ ኋላ ሲገፋ ቢያዩም አይደንግጡ። ብዙ ሰው ወደ ፊት መግፋት አለበት ብሎ ይገምታል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ንጽጽር ግን ወደ ኋላ መግፋቱ የተሻለ እንዳስገኘ አሳይቷል።

ስለ ማሽኖች ያለኝን በግልጽ ልናገር። በድምፅ ሞገድ የሚያክመው አልትራሳውንድ ለዚህ ሕመም ጥቅሙ በማስረጃ የተደገፈ አይደለም። ዝቅተኛ ኃይል ያለው ሌዘር ሕመምን ለማስታገስ መጠነኛ ማስረጃ አለው። የሕክምናው ሰዓት በሙሉ ከማሽን ሥር ተኝተው የሚያልቅ ከሆነ፣ እጅ ያልነካዎትና የቤት ሥራ ያልተሰጠዎት ከሆነ፣ ባለሙያ ይለውጡ።

ለወራት በትክክል ተሠርቶ ለውጥ ከሌለ ሌሎች መንገዶች አሉ፦ ከረጢቱን በፈሳሽ መንፋት፣ በማደንዘዣ አስተኝቶ ትከሻውን ማላቀቅ፣ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ከረጢቱን መቁረጥ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የብሪታንያ ጥናት 503 ሕሙማን ላይ በማደንዘዣ የሚሠሩትን የመጨረሻዎቹን ሁለት ሕክምናዎች ከመርፌና ከፊዚዮቴራፒ ጋር አነጻጽሮ፣ ከ1 ዓመት በኋላ በታማሚው ኑሮ ላይ ጎልቶ የሚታይ ብልጫ ያለው አንድም አላገኘም። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናን ለማስቀደም መቸኮል አያስፈልግም፤ ከእሱ በኋላም ቢሆን ያው ፊዚዮቴራፒ ይጠብቅዎታል።

ደረጃ 6፦ ጉልበት መመለስ

ክንዱ ወደ ላይ መሄድ ሲጀምር ለወራት ያልሠራው ጡንቻ ቀጥኖ ያገኙታል። መጀመሪያ ያለ እንቅስቃሴ ይሥሩት፦ ክርንዎን አጥፈው የእጅዎን ጀርባ ግድግዳ ላይ ያድርጉና ከሙሉ ጉልበትዎ ሲሶውን ያህል ለ5 ሰከንድ ይግፉ፣ 10 ጊዜ። ያለ ሕመም ካለፈ የመለጠጫ ላስቲክ በር እጀታ ላይ አስረው ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይሳቡ፤ ከ10 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ሦስት ዙር፣ በሳምንት 3 ቀን። የሁለቱን ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንቶች ወደ መሃል ሰብስቦ መልቀቅም አብሮ ይግባ። መለጠጡ ግን በዚህ ጊዜ አይቋረጥም፤ በቀን አንዴ ይቀጥላል።

አንድ ጊዜ ደርቆ የተላላ ትከሻ ዳግመኛ ሲደርቅ እምብዛም አይታይም። ሌላኛው ትከሻ ግን ተራውን ሊይዝ ይችላል፣ በተለይ የስኳር ሕመም ባለበት ሰው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ያለውን ምልክት አያጥፉት። በወር አንድ ጊዜ በጤነኛው እጅም ይሂዱበት፤ ክርንዎን ከጎንዎ አጣብቀው እንደ መስኮት የከፈቱትንም ፍተሻ ይድገሙት። መከፈቱ መጥበብ ከጀመረ ሌሊቱ እስኪከፋ ሳይጠብቁ ወደ ደረጃ 1 ይመለሱ።